የመኪና አምፕ በኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፤ ቤዙ ሲመታ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ «ከተበላሸ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ያወጣሁት 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለኝ። ከመኪና የወጣ ባለ 4 ቻናል አምፕሊፋየርም አለኝ፤ ላዩ ላይ 800 ዋት ይላል። ክፍሌ ውስጥ በሁለት ስፒከርና በአንድ ሰብዉፈር ላሠራው ፈለግኩ። አንድ ቢጫ ሽቦ ከፖዘቲቩ፣ አንድ ጥቁር ከኔጋቲቩ አሰርኩ፤ ሪሞት የሚለውንም፣ አምፑን የሚያስነሳውን፣ ከቢጫው ጋር አገናኘሁት። ፓወር ሰፕላዩን የሚያስነሳውን አረንጓዴ ሽቦ ከጥቁር ጋር ሳገናኘው ፋኑ ተነሳ፣ ሙዚቃም አጫወተ። ግን ድምፁን ትንሽ ከፍ ሳደርግ፣ ቤዙ ሲመታ ጠቅ ብሎ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ሌላም አለ። በስልክ ሳጫውት ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ግን ‹እምምም› ይላል። አንድ ጓደኛዬ ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ግዛ አለኝ፤ ሌላው ሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ ደርብበት ይላል። 450 ዋት እንዴት አይበቃም? የማንን ልስማ?»

መልስ፦ የማናቸውንም አትስማ። የአንደኛው ምክር ገንዘብህን ይጨርሳል፣ የሌላኛው ደግሞ ፓወር ሰፕላይህን። ከሁሉ በፊት ግን 450 የሚለውን ቁጥር እርሳው።

ያ ቁጥር የሁሉም መስመሮች ድምር ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከውጭ አንድ ሳጥን ይምሰል እንጂ የሚያወጣው የቮልት ዓይነት ብዙ ነው። ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ነው። አምፑ የሚፈልገው ቢጫውን ብቻ ነው። ለቀዩና ለብርቱካናማው የተመደበው ዋት ለአምፑ አይደርሰውም፤ ቢጫው ሲያጥረው ከጎረቤት አይበደርም። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብብና 12 ቮልት ከሚለው ሥር ያለውን አምፒር ፈልግ። በዚህ መጠን በተሠሩ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ላይ 18 አምፒር አካባቢ ማየት የተለመደ ነው። ያንተም ይሄ ነው እንበል። 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ነው። 450ው ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። 12 ቮልቱ ለሁለት ተከፍሎ ከተጻፈ ደግሞ ዝም ብለህ አትደምራቸው። ብዙ ጊዜ ከሥር የሁለቱ የጋራ ጣሪያ ለብቻው ይጻፋል፤ እሱም ከድምሩ ያንሳል። አዳዲሶቹና ጥሩዎቹ ፓወር ሰፕላዮች ዋታቸውን ከሞላ ጎደል በሙሉ 12 ቮልቱ ላይ ይሰጣሉ። ያንተ ግን ከቆየ ኮምፒውተር የወጣ ከሆነ በዚያ አትጽናና።

አምፑ ላይ የተጻፈው 800ም ከዚህ የባሰ ነው። እውነቱን ማወቅ ከፈለግህ ጽሑፉን ተወውና ፊውዙን እይ። ብዙ የመኪና አምፖች ገመድ የሚገባበት ጎን ላይ አንድ ወይም ሁለት ፊውዝ ተሰክቶባቸዋል። ሁለት ባለ 20 ፊውዝ ካለው፣ አምፑ ቢበዛ የሚስበው 40 አምፒር አካባቢ ነው። የመኪናው ሞተር እየሠራ 14.4 ቮልት ቢያገኝ 576 ዋት ይገባዋል። ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከሚገባው ውስጥ ወደ ስፒከር የሚያልፈው ከ50 እስከ 60 በመቶ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በአሉሚኒየም ጥርሶቹ በኩል ይወጣል። ስለዚህ 800 የተባለው አምፕ 350 እንኳን አይሞላም። 576 ዋት ገብቶ 800 ሊወጣ እንደማይችል ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ክላስ ዲ ከሆነ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ስለሚያልፍ ለዚህ ሥራ በጣም ይመረጣል።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣቸው። አምፑ ሲበረታ 40 አምፒር ይጠይቃል። ፓወር ሰፕላዩ 18 አለው። የሌለውን ከየት ያምጣ?

እዚህ ላይ «ታዲያ ዝቅ ሲል ለምን ይሠራል?» ትለኛለህ። ሙዚቃ ሁልጊዜ እኩል አይስብም። ክፍል ውስጥ በልኩ ስታዳምጥ አምፑ ከጥቂት አምፒር በላይ አይፈልግም። ችግሩ ከበሮው ነው። አንድ የቤዝ ምት ለቅጽበት ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ይስባል። የመኪና ባትሪ ይህንን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ሞተር ሲያስነሳ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ለሰከንዶች የሚሰጥ ዕቃ ነው። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ግን ጠባቂ አለበት። ከልኩ በላይ ከተሳበ፣ ወይም ቮልቱ ከተወሰነ ደረጃ በታች ከወረደ፣ ሾርት ተፈጥሯል ብሎ ራሱን ይቆልፋል። ኮምፒውተርህን ከእሳት የሚያድነው ይህ ጠባይ ነው። አንተ የምትሰማው «ጠቅ» የብልሽት ድምፅ አይደለም፤ ጠባቂው ሥራውን እየሠራ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ጆሮህን ሳይሆን ዓይንህን ተጠቀም። የፓወር ሰፕላዩን ፋን ተመልከት። ፋኑ ከቆመ ራሱን የቆለፈው ፓወር ሰፕላዩ ነው። አረንጓዴውን ሽቦ አላቅቀህ ወይም ከሶኬት ነቅለህ ጥቂት ሰከንድ ካልጠበቅህ አይነሳም። ፋኑ እየዞረ አምፑ ላይ ቀይ መብራት ከበራ ግን ያቋረጠው አምፑ ራሱ ነው። ወይ ቮልት አንሶታል፣ ወይ ግሏል፣ ወይ የስፒከር ሽቦ የሆነ ቦታ ተነካክቷል። መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ይህን ሳታይ ምንም ነገር አትግዛ።

ወደ ካፓሲተሩ እንምጣ። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በቅጽበት የሚለቅ ዕቃ ነው። ባዶ ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ልክ ስታገናኘው ለፓወር ሰፕላዩ ከሾርት አይለይም። በ18 አምፒር ለመሙላት እንኳ ሁለት ሦስተኛ ሰከንድ ይፈልጋል፤ ጠባቂው ያን ያህል ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ ገና ሳይነሳ ይቆለፋል። ፍሰቱን በሚገታ ሬዚስተር ወይም በመኪና አምፖል በኩል ቀስ ብለህ ቀድመህ ሞላኸው እንበል። ከዚያስ? ፓወር ሰፕላዩ ከሚችለው በላይ 20 አምፒር ትርፍ ሲሳብ፣ ካፓሲተሩ በየ10 ሚሊሰከንዱ 0.2 ቮልት ያጣል። 100 ሚሊሰከንድ የሚቆይ የቤዝ ምት 2 ቮልት ይወስድበታል። ያኔ ቮልቱ 10 ላይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከዚያ በፊት ዘግቷል፤ ብዙ አምፖችም እዚያ አካባቢ ሲደርሱ ያቋርጣሉ። ካፓሲተር ለአጭር ጉድለት መደለያ ነው እንጂ የኃይል ምንጭ አይደለም። የተሞላ ካፓሲተር ደግሞ ቀለል ተደርጎ የሚታይ ዕቃ አይደለም። በስህተት መፍቻ ቢነካው ብረት የሚያቀልጥ ብልጭታ ያወጣል።

ሁለተኛውን ፓወር ሰፕላይ መደረቡ የባሰ ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላዮች 12 ቮልት ይባሉ እንጂ አንዱ 12.1፣ ሌላው 11.9 ሊሆን ይችላል። ቢጫቸውን አንድ ላይ ስታስር ከፍ ያለው ሸክሙን ሁሉ ይሸከማል፣ ሌላው ቆሞ ያያል። የተሸከመው ሲቆለፍ ሸክሙ በአንድ ጊዜ ሌላው ላይ ይወድቃል፣ እሱም ይቆለፋል። ጭነት እንዲካፈሉ ተደርገው አልተሠሩም። እንዲያውም ሁለቱን ተከታታይ አድርጎ 24 ቮልት የማውጣት ሐሳብ ካለህ እሱንም ከወዲሁ ተወው። ጥቁር ሽቦዎቻቸው በብረት ሳጥናቸውና በሶኬቱ ኧርዝ በኩል የተገናኙ ስለሆኑ ቀጥታ ሾርት ታደርጋለህ። የላፕቶፕ ቻርጀርም አይሆንም። 19 ቮልት ነው፤ የብዙ የመኪና አምፖች መግቢያ ካፓሲተር ደግሞ 16 ቮልት ብቻ የተጻፈበት ነው።

ታዲያ ባለህ ዕቃ ምን ይቻላል? ከምታስበው በላይ ይቻላል፤ ሰብዉፈሩን ከተውከው። በጥያቄህ ውስጥ ዓይኔ የቀረው «አንድ ቢጫ፣ አንድ ጥቁር» ያልከው ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ ስሞክር ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ሲጫወት ቆይቶ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሽቦውን ስይዘው ልባሱ እንደ ማስቲካ ለስልሶ ነበር። የነዚህ ሽቦዎች ውፍረት አንድ ካሬ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። 18 አምፒር በአንድ ጥንድ ሽቦ ብታሳልፍ፣ በግማሽ ሜትር ሄዶ መልስ 0.4 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሽቦውም ይግላል። አራት ቢጫና አራት ጥቁር አንድ ላይ ብታስር ኪሳራው ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። ጫፎቹን ገፍፈህ በይዳቸው፣ ከዚያ ወፍራም ገመድ ላይ እሰራቸው፣ በደንብ ሸፍናቸው። ዝም ብሎ ጠምዝዞ ፕላስተር መጠቅለል አይበቃም። በቢጫው በኩል ባለ 15 አምፒር ፊውዝ አስገባ። አምፑ ላይ ያሉት ባለ 20ዎቹ የሚጠብቁት አምፑን ነው፣ የአንተን ቀጭን ሽቦ አይደለም።

ቀጥሎ ቀዩ ሽቦ። የቆዩት ፓወር ሰፕላዮች 5ቱንና 12ቱን ቮልት በአንድ መቆጣጠሪያ ነው የሚይዟቸው። 5 ቮልቱ ላይ ምንም ጭነት ሳይኖር 12ቱን ብቻ ስታስጨንቀው ቢጫው ወደ ታች፣ ቀዩ ወደ ላይ ይሸሻል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ባለ 4.7 ኦም፣ 10 ዋት የሚችል ሬዚስተር በቀይና በጥቁር መካከል እሰር። 1 አምፒር ያህል ይስባል፣ 5 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። በእጅ የማይያዝ ይግላልና ብረት ላይ አስደግፈህ የፋኑ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አድርገው። ብዙ ሰው ይህን ትንሽ ነገር ዘሎ ነው «አምፑ ቮልት አነሰው» የሚለው።

ሪሞቱን ከቢጫው ጋር በቋሚነት ማሰርህን አልወደድኩትም። አምፑ ውስጥ 12 ቮልቱን ወደ ከፍተኛ ቮልት የሚያሳድግ ሌላ ፓወር ሰፕላይ አለ፤ ሪሞቱ የሚያስነሳው እሱን ነው። አሁን ባሰርከው አኳኋን፣ ፓወር ሰፕላዩ ገና ሲነሳ የአምፑ መግቢያ ካፓሲተሮችና ያ ውስጠኛ ክፍል እኩል ይጎትቱታል። በሪሞቱ ሽቦ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባበት። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን አስነሳ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ሪሞቱን ክፈት። ስታጠፋ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። ስፒከሩ «ድው» የሚለውም በዚሁ ይቀንሳል።

አምፑ ላይ ባለው ማጣሪያ ደግሞ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጠው። ብዙውን አምፒር የሚበላው እዚያ ታች ያለው ቤዝ ነው፤ ትናንሽ ስፒከሮች ድሮም አያወጡትም። የመኪና ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ 4 ኦም ነው። የቤት ስፒከር ባለ 8 ኦም ካለህ እሱን አድርግ፤ የሚወጣው ዋት በግማሽ ያህል ይቀንሳል፣ የሚሳበውም እንደዚያው። ለክፍል ከበቂ በላይ ነው። ጌይን የሚለውን ቁልፍም ወደ ታች መልሰው። እሱ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ከስልክህ የሚመጣውን ምልክት ለአምፑ መመጠኛ ነው። በ14.4 ፈንታ 12 ቮልት ስለምትሰጠው አብዛኛው አምፕ ከተጻፈለት 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ያወጣል፤ ሲያስጨንቁት ድምፁ ቶሎ ይሰነጠቃል። መሰነጠቅ ሲጀምር ወደኋላ በል።

«እምምም» ያልከው ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት የለውም። ምርመራውን ራስህ ጨርሰኸዋል። በስልክ የለም፣ በኮምፒውተር አለ። ኮምፒውተሩም ፓወር ሰፕላዩም በሶኬታቸው ኧርዝ አላቸው። የድምፅ ገመዱ ሁለቱን እንደገና ሲያገናኛቸው ክብ መንገድ ይፈጠራል፤ ከመብራቱ የሚመጣው ንዝረት በዚያ እየዞረ ድምፅ ይሆናል። ስልኩ ከግድግዳው ስላልተሰካ ክቡ አይዘጋም። በድምፅ ገመዱ መካከል የሚገባ፣ ውስጡ ሁለት ትናንሽ ትራንስፎርመሮች ያሉት ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ይሸጣል፤ እሱ ይጨርሰዋል። ወይም በብሉቱዝ አጫውት። የሶኬቱን የኧርዝ እግር መቁረጥ ግን በፍጹም! ድምፁ ይጠፋ ይሆናል፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ግን የብረት ሳጥኑና የአምፑ አካል መብራት ይይዛሉ። ያን አካል ደግሞ በባዶ እጅህ ነው የምትነካው።

ሳጥኑንም አትክፈት። 230 ቮልት ባለበት አካባቢ ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች 325 ቮልት ድረስ ይይዛሉ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሊቆይባቸው ይችላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግህ ሽቦ ሁሉ ከውጭ አለልህ። ቢጫና ጥቁርንም እንዳታቀያይር። አምፑ መከላከያ ካለው ፊውዝ ይበላል፤ ከሌለው አምፑ ራሱ ይበላል።

ሰብዉፈሩን የግድ ካልክ ምርጫው ይጠባል። የመኪና ባትሪና ቻርጀር ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጡ አሉ። ድምፁ ያምራል፣ አልክድም። ግን ተራ የመኪና ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣል፤ አሲድም አለው። በምትተኛበት ክፍል አልመክረውም። ሁለተኛው አንድ ዓይነት ቮልት ብቻ የሚያወጣ፣ ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ነው። ለመብራት ስትሪፖችና ለማሽኖች የሚውለው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳጥን። 30 ወይም 40 አምፒር የሚሰጥ ይገኛል። ብዙዎቹ ትንሽ ብሎን በመጠምዘዝ ወደ 13.8 ቮልት ከፍ ይላሉ፤ አምፑ የለመደው ይህንን ነው። የግድግዳው መብራት የሚታሰርባቸው ብሎኖች ግን ገላጣ ናቸው። ሽፋን ሳታደርግላቸው፣ በተለይ ልጅ ባለበት ቤት፣ እንዳታበራው።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ያለህን ፓወር ሰፕላይ ከላይ እንዳልኩህ አስተካክለህ ለሁለቱ ስፒከሮች ብቻ አውለው። ለካፓሲተርና ለሁለተኛ ፓወር ሰፕላይ አንድ ሳንቲም አታውጣ። ገንዘብ ማውጣትህ ካልቀረ፣ ያ አምፕ አንድ ቀን ወደ መኪና ይመለሳል ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ። የሚመለስ ከሆነ ባለ 40 አምፒሩን 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ግዛ። የማይመለስ ከሆነ አምፑን ሽጠው፣ ቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ የቤት አምፕሊፋየር ግዛ። የግድግዳውን መብራት ወደ 12 አውርዶ፣ አምፑ ውስጥ መልሶ ማሳደግ ዙሪያ ጥምጥም ነው። በየመንገዱ ሙቀት እየከፈልክ ነው የምትሄደው።

ሁሉንም አስተካክለህ፣ ሰብዉፈሩንም ነቅለህ፣ በዝቅተኛ ድምፅ አሁንም ፋኑ ከቆመ ችግሩ ከቁጥር አልፏል። ከሶኬት ንቀለውና በፋኑ ወንፊት በኩል በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከት። የካፓሲተሮቹ አናት ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እንደ ዳቦ ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ያወጣ ካየህ፣ ያ ፓወር ሰፕላይ ጡረታው ደርሷል፤ ኮምፒውተሩም የተበላሸው በእሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል።